የሐኪም ድምፅ ወደ ጽሑፍ የመለወጥ ሥራ፦ ስለ ክፍያ፣ ስለ ስልጠናና ስለ ቅጥር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለዓመታት ሄድፎን ጆሮዬ ላይ ደቅኜ ሐኪሞች የሚሉትን ስጽፍ ኖርኩ። አሁን የሌሎችን ጽሑፍ አርማለሁ። ወደዚህ ሙያ መግባት የሚፈልጉ ሰዎች የሚጠይቁኝ ነገር ተመሳሳይ ነው። መጀመሪያ «ስንት ይከፈላል?» ይላሉ። እኔም «በምን ተቆጥሮ?» እላቸዋለሁ። ቀልድ ይመስላቸዋል። አይደለም። ከታች ያለውን ሲያነቡ ይገባቸዋል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ የአውሮፓውያን ናቸው።

ሥራው በትክክል ምንድን ነው?

ሐኪሙ በሽተኛውን አይቶ ሲጨርስ ያገኘውንና የወሰነውን በድምፅ ይቀዳል። ሜዲካል ትራንስክሪፕሽኒስት ድምፁን ሰምቶ የሕክምና ሰነድ ያደርገዋል። ሰነዱ የበሽተኛው ፋይል ውስጥ ይገባል። ቀጣዩ ሐኪም የሚያምነው እሱን ነው። ኢንሹራንሱም የሚከፍለው እሱን አይቶ ነው።

በብዛት የሚመጡት አራት ዓይነት ሪፖርቶች ናቸው፦ የሕመም ታሪክና የአካል ምርመራ፣ የስፔሻሊስት ምክክር፣ የቀዶ ሕክምና ሪፖርት፣ እና በሽተኛው ከሆስፒታል ሲወጣ የሚጻፈው ማጠቃለያ።

«ትየባ ነው እንዴ ታዲያ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ሐኪሙ እያዛጋ ይናገራል። ምሳውን እያኘከ ይናገራል። ከኋላው ማሽን ይጮሃል። «የግራ እግሩ አብጧል» ብሎ ይጀምርና ሦስት ዓረፍተ ነገር ቆይቶ «የቀኝ እግሩን እብጠት በተመለከተ» ይላል። የቱ ነው ትክክሉ? ጸሐፊው ይህን ካልያዘው ሌላ የሚይዘው ሰው ላይኖር ይችላል። ገንዘቡ የሚከፈለው ለጣት ሳይሆን ለዚህ ጆሮ ነው። ቢያንስ እንደዚያ መሆን ነበረበት።

ክፍያው እንዴት ነው የሚታሰበው?

በሦስት መንገድ ነው፦ በሰዓት፣ በድምፁ ደቂቃ፣ ወይም በመስመር። በጣም የተለመደው በመስመር ነው።

እዚህ «መስመር» ሲባል ስክሪኑ ላይ የሚታየው መስመር አይደለም። የተለመደው መለኪያ 65 ካራክተር፣ ማለትም 65 ፊደል፣ ቁጥር ወይም ምልክት ነው። የሪፖርቱ ካራክተሮች ይቆጠሩና ለ65 ይካፈላሉ። እስከዚህ ቀላል ነው። ጣጣው የሚጀምረው «ካራክተር ማለት ምን ማለት ነው?» ሲባል ነው። በቃላት መሃል ያለው ባዶ ቦታ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ሪፖርቱ አናት ላይ በራሱ የሚመጣው የሆስፒታል ስምና የበሽተኛ መረጃስ?

እኔን ያስለቀሰኝ ይህ ነው። ገና ጀማሪ ሳለሁ ሁለት ቦታ ተቀባይነት አገኘሁ። አንዱ በመስመር 8 የአሜሪካ ሳንቲም፣ ሌላው 9 ሳንቲም አቀረበልኝ። 9 ከ8 ይበልጣል ብዬ 9ኙን ዘልዬ ያዝኩ። የመጀመሪያው ወር ክፍያ ሲመጣ ግን ሒሳቡ አልገጥም አለኝ። አንድ ሪፖርት አወጣሁና በእጄ ቆጠርኩት። ከነባዶ ቦታው 6,500 ካራክተር ነው። ይህ 100 መስመር ነው። ባዶ ቦታዎቹ ሲወጡ የቀረው 5,460 ነው። ይህ ደግሞ 84 መስመር ነው። እኔ የያዝኩት ድርጅት ባዶ ቦታ አይቆጥርም። 84 ሲባዛ በ9፣ 7 ዶላር ከ56። የተውኩት ድርጅት ባዶ ቦታ ይቆጥር ነበር። 100 ሲባዛ በ8፣ 8 ዶላር። «በልጦ ተከፈለኝ» ብዬ የጨፈርኩበት ሥራ ያነሰው ነበር።

ማንም አልዋሸኝም። አልጠየቅኩም፣ አልነገሩኝም። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ባዶ ቦታ ከጠቅላላው ከ15 እስከ 17 በመቶ ያህል ስለሚይዝ ልዩነቱ ሁሌም እዚያው አካባቢ ይወጣል። የሚታዩትን ምልክቶች ብቻ መቁጠር ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው። ማንም ወረቀት ላይ ቆጥሮ ማረጋገጥ ይችላል። ግን ባዶ ቦታው ሲወጣ የመስመሩ ዋጋ በዚያው ልክ ከፍ ማለት አለበት። ብዙ ጊዜ ደግሞ ከፍ አይልም።

በድምፅ ደቂቃ የሚከፈል ከሆነ ሌላ ነገር ይመጣል። ፈጣን ተናጋሪ በደቂቃ 150 ቃላት ሊያፈስ ይችላል። ይህ ወደ 14 መስመር ገደማ ነው። እያሰበ የሚናገረው ደግሞ ግማሹንም አይሞላ። በደቂቃ የምትሠሩ ከሆነ ፈጣኑ ያከስራችኋል። በመስመር ከሆነ ደግሞ «እእእ... ቆይ... እሱን ሰርዥው» የሚለው ሐኪም ነው ጊዜያችሁን በልቶ ምንም የማይተውላችሁ።

እሺ፣ በሰዓት ስንት ይወጣዋል?

ይህ በእናንተ ፍጥነት ይወሰናል። በመስመር 8 ሳንቲም እንበል። በሰዓት 150 መስመር የምትጨርሱ ከሆነ 12 ዶላር ነው። ጀማሪ ግን 80 መስመርም ከደረሰ ጎበዝ ነው። ያ 6 ዶላር ከ40 ሳንቲም ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት አንዷን የድምፅ ደቂቃ ለመጨረስ አምስት ደቂቃ ቢፈጅባችሁ አትደንግጡ። መድኃኒቱን ትፈልጋላችሁ፣ መልሳችሁ ትሰማላችሁ፣ እንደገና ትሰማላችሁ።

አሜሪካ ውስጥ በሠራተኝነት የተቀጠረ ሰው በመስመር ቢከፈለውም እንኳ ከሕጋዊው ዝቅተኛ ደመወዝ በታች ሊወርድ አይችልም። የፌዴራሉ መነሻ ከ2009 ጀምሮ በሰዓት 7 ዶላር ከ25 ነው። የጎደለውን አሠሪው መሙላት አለበት። ይህ ግን ለተቀጣሪ ነው። በኮንትራት ለሚሠራ አይደርሰውም።

የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለ2023 ያወጣው መሃለኛ ዓመታዊ ገቢ ወደ 37 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ግማሾቹ ከዚያ በላይ፣ ግማሾቹ ከዚያ በታች ያገኛሉ ማለት ነው። ቁጥሩን ስታዩ አንድ ነገር አስተውሉ፤ ውስጡ የዓመታት ልምድ ያላቸው ሰዎች አሉ። የጀማሪ ደመወዝ አድርጋችሁ እንዳትወስዱት።

የ«ኤዲቲንግ» ክፍያ ለምን ግማሽ ይሆናል?

አሁን ብዙው ሥራ ከባዶ መጻፍ አይደለም። ሶፍትዌሩ ድምፁን ሰምቶ ረቂቅ ያወጣል። ሰው እየሰማ ያርመዋል። የድርጅቶቹ ስሌት «ማረም ከመጻፍ ሁለት እጥፍ ይፈጥናል፣ ስለዚህ ግማሹን እንክፈል» የሚል ነው።

በ8 ሳንቲሙ 150 መስመር የሚጽፍ ሰው በ4 ሳንቲም ያንኑ 12 ዶላር ለማግኘት 300 መስመር ማረም አለበት። ረቂቁ ጥሩ ሲሆን ይቻላል። ሐኪሙ ሲያጉተመትም ግን ረቂቁ ቅጥ አምባሩ ይጠፋል። እሱን ደምስሶ ከባዶ መጻፍ ይቀላል። ክፍያው ግን ያው 4 ሳንቲም ነው። አንዳንድ ቦታ ረቂቁ የማይረባ ሲሆን ወደ ሙሉ ጽሑፍ ክፍያ መቀየሪያ አለ። አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ከሌለ ይህን ከሒሳባችሁ ቀንሱ።

ሥራ ሳይመጣ ለምጠብቅበት ጊዜ ይከፈለኛል?

በመስመር የምትሠሩ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አይከፈልም። ፈረቃችሁ ላይ ተቀምጣችሁ «ለጊዜው ፋይል የለም» የሚለውን ስክሪን ስታዩ ታድራላችሁ። ድርጅቶች ሥራ እንዳይዘገይባቸው ብዙ ሰው ይይዛሉ። ዳፋው ለጸሐፊው ይተርፋል። ዋና ደንበኛችሁ ፋይል ሲያልቅበት የምትሸጋገሩበት ሁለተኛና ሦስተኛ ደንበኛ መኖሩን አረጋግጡ። ግን የማታውቁት ሐኪም ጋር በተዛወራችሁ ቁጥር ፍጥነታችሁ ይወርዳል።

ተቀጣሪ ልሁን ወይስ በኮንትራት ልሥራ?

በኮንትራት የሚሰጠው የመስመር ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ይላል። ከፍ የሚለው ግን ሌላውን ሁሉ እናንተ ስለምትሸከሙት ነው። አሜሪካ ውስጥ በግሉ የሚሠራ ሰው ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር (ለመንግሥት የጡረታና የጤና መድን) 15.3 በመቶ ይከፍላል። ተቀጣሪ ግን ግማሹን፣ 7.65 በመቶውን ብቻ ነው፤ ሌላውን ግማሽ አሠሪው ይሸፍናል። ሌላ አገርም ስሙ ይለያይ እንጂ ነገሩ ይመሳሰላል፤ የዓመት ፈቃድ፣ የሕመም ፈቃድ፣ ኮምፒውተር፣ ኢንተርኔት ሁሉም ከኪስ ነው።

የሚያናድደው ግን «ኮንትራክተር ነሽ» ተብሎ ሰዓቱ፣ ፈረቃውና ዕረፍቱ በአለቃ የሚወሰንበት ነው። የኮንትራት ነፃነት ከሌለ የኮንትራት ጣጣ ብቻ ለምን ይኑር? እንዲህ ያለ ውል ሲገጥማችሁ ፊርማ ከማኖራችሁ በፊት የአገራችሁን የሥራ ሕግ የሚያውቅ ሰው አስነብቡ።

ስልጠናው ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? ምንስ መያዝ አለበት?

ጥሩ ስልጠና ከዘጠኝ ወር እስከ አንድ ዓመት ይፈጃል። «በስድስት ሳምንት ባለሙያ እናደርጋችኋለን» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ እለፉት።

መያዝ ያለበት የሰውነት አካል ጥናት፣ የሕክምና ቃላት፣ የመድኃኒት ትምህርት፣ የላቦራቶሪ ምርመራዎች፣ የሕክምና ሰነድ አጻጻፍ ደንብ፣ እና በብዛት የእውነተኛ ሐኪሞች ድምፅ ነው። የመጨረሻው ይሰመርበት። ስቱዲዮ ውስጥ ጥርት ብሎ የተቀዳ ድምፅ ላይ ብቻ የተለማመደ ሰው እውነተኛው ሥራ ላይ ሲቀመጥ የሚሰማው ጆሮው የደነቆረ ያህል ነው።

የሕክምና ቃላት ለምን ይህን ያህል ጊዜ እንደሚወስዱ አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ሐኪሙ «ኢሊየም» አለ። ይህ ወይ የዳሌ አጥንት ነው፣ ወይ የትንሹ አንጀት መጨረሻ። በእንግሊዝኛ የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነው። ድምፃቸው አንድ ነው። ፊደል አራሚው ሶፍትዌር ሁለቱንም ትክክል ይላቸዋል። ስለ ስብራት እየተወራ ከሆነ አጥንቱ ነው፣ ስለ ሆድ ቁርጠት ከሆነ አንጀቱ ነው። «ዲስፋጂያ» መዋጥ ሲያቅት ነው፣ «ዲስፌዥያ» መናገር ሲያውክ። ስትሮክ የመታው ሰው ሁለቱም ሊኖሩበት ይችላሉ! መድኃኒትም እንዲሁ ነው። ሴሌብሬክስ ለመገጣጠሚያ ሕመም፣ ሴሌክሳ ለድባቴ፣ ሴሬቢክስ ለሚጥል ሕመም የሚሰጡ ናቸው። ሐኪሙ ሳል ይዞት አንዱን ሲጠራ የሚያድናችሁ ጆሮ ብቻ አይደለም። በሽተኛው ምን እንዳመመው ማወቃችሁ ነው።

እንግሊዝኛ አፍ መፍቻዬ አይደለም። አያዋጣኝም ማለት ነው?

ማን አለ? ሕንድና ፊሊፒንስ ውስጥ ይህ ሥራ ትልቅ የአገልግሎት ዘርፍ ሆኗል። የሚሠሩትም እንግሊዝኛን ሁለተኛ ቋንቋቸው ያደረጉ ሰዎች ናቸው። የሚናገሩት ሐኪሞች ራሳቸው ከየአገሩ የመጡ ስለሆኑ የተለያየ ቅላጼ የለመደ ጆሮ ጥቅም አለው።

የሚያስቸግረው ሰዋስው ነው። በተለይ እነዚያ ትንንሽ ቃላት፣ መስተዋድዱና የነጠላ ብዙው ነገር። ከእኛ ቋንቋ የመጣ ሰው ሳይታወቀው ይዘላቸዋል። ቀጣሪው ፈተና ላይ የሚጥለውም በዚህ ነው። ከባዱን የመድኃኒት ስም በትክክል ጽፎ በአንድ መስተዋድድ የወደቀ ሰው አውቃለሁ።

የሙያ ፈቃድ ወይም ሰርተፍኬት ግዴታ ነው?

ግዴታ የሆነበት ቦታ ጥቂት ነው። አሜሪካ ውስጥ ለምሳሌ ሙያውን ለመሥራት የመንግሥት ፈቃድ አይጠየቅም። በ1978 የተመሠረተውና በ2007 ስሙን የለወጠው የሙያ ማኅበር ግን ሁለት ደረጃ ፈተና አዘጋጅቷል። አንዱ ለአዲስ ምሩቃን፣ ሌላው በሆስፒታል ደረጃ ሥራ ልምድ ላካበቱ። እዚህ ላይ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ትምህርት ቤት ሲጨርሱ የሚሰጠው ወረቀት የሙያ ማኅበሩ ምስክርነት አይደለም። አንዳንድ ትምህርት ቤት ሆን ብሎ ያምታታዋል። ሲቪያችሁ ላይ ሁለቱን አትቀላቅሉ፤ ቀጣሪው ያውቀዋል።

በእኔ ግምት ጀማሪን ለማስቀጠር ወረቀቱ ብዙም አይረዳም። ትንሽ ከሠራችሁ በኋላ፣ ወደ ጥራት ቁጥጥር ለመሸጋገር ስታስቡ ነው ዋጋ የሚያወጣው።

ትምህርት ቤቱ «ሥራ እናስገባለን» ይላል። ልመን?

«ለየትኛው ድርጅት?» ብላችሁ ጠይቁ። ስሙን ካልነገሯችሁ የለም ማለት ነው። ከነገሯችሁ ደግሞ ድርጅቱ ጋ ራሳችሁ ደውሉ፦ «ከዚህ ትምህርት ቤት የወጣ ጀማሪ ትቀበላላችሁ?» በሉ። አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ማስታወቂያው ሁሉ «የ2 ዓመት ልምድ» ይላል። ጀማሪ ከየት ያምጣው?

በዚህ ሙያ የማዝንበት ጥያቄ ይህ ነው። ድሮ ጀማሪ ቀላል ቀላሉን የክሊኒክ ደብዳቤ እየጻፈ ያድግ ነበር። አሁን ቀላሉን ሶፍትዌሩ ወሰደው። የቀረው ከባዱ ነው። ከባዱን ለጀማሪ አይሰጡም። መሰላሉ የታችኛውን እርከን አጣ።

ቢሆንም የሚገባ ሰው አለ። የማያቸው በሦስት በር ነው የሚገቡት። አንዳንዶቹ ልምምድ የሚሰጥ ትምህርት ቤት መርጠው፣ እዚያው በአስጠኚ እየታረሙ የሰሩትን ሰዓት እንደ ልምድ ያስቆጥራሉ። ሌሎቹ ከትልልቆቹ ይልቅ ጥቂት ሐኪሞችን ብቻ የሚያገለግል ትንሽ አገልግሎት ይፈልጋሉ። ትንሽ ቤት ማመልከቻችሁን ማሽን አያጣራውም፤ ባለቤቷ ራሷ ታነበዋለች። ሦስተኛዎቹ ቀድሞውኑ ጤና ተቋም ውስጥ ያሉ ናቸው፤ ካርድ ክፍል፣ እንግዳ መቀበያ፣ ነርስነት። ነርስ የነበረች ሰው ከእኛ ይልቅ ግማሹን መንገድ ሄዳ ነው የምትመጣው።

ማመልከቻ ላይ ደግሞ «2 ዓመት» የሚለውን እያያችሁ ሁሌ አትሽሹ። ከኋላው ፈተና ካለ ፈተናውን ላኩልኝ በሉ። ፈተናውን በደንብ ያለፈን ሰው ዓመት ቆጥሮ የሚመልስ ቀጣሪ አለ፣ የማይመልስም አለ።

የቅጥር ፈተናው ምን ይመስላል?

ጥቂት የድምፅ ፋይሎች ይላካሉ። አንዱ ጥርት ያለ፣ አንዱ ቅላጼው የከበደ፣ አንዱ ሆን ተብሎ ስህተት ያለበት። የመጨረሻው ላይ ሐኪሙ ለምሳሌ ወንድ በሽተኛ ላይ «እሷ» ይላል። ያንን አይታችሁ ምልክት ታደርጋላችሁ ወይስ ዝም ብላችሁ ትጽፋላችሁ? እሱን ነው የሚያዩት። ብዙ ቤት ማለፊያው 98 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ስህተቶች ደግሞ እኩል አይመዘኑም። የነጠላ ሰረዝ ስህተት ጥቂት ይቀንሳል፣ የመድኃኒት መጠን ስህተት ይጥላል።

ፈተናው አጭር መሆን አለበት። «የፈተና ጊዜ» ተብሎ አርባ ሪፖርት በነፃ ካሠሯችሁ ያ ፈተና አይደለም፣ ነፃ ጉልበት ነው።

ያልሰማሁትን ቃል ምን ላድርግ?

ባዶ ተዉት። ቦታውን ምልክት አድርጉና የሰማችሁትን ድምፅ ጻፉበት፦ «በ1 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ላይ፣ ‹ሴል...› የሚመስል መድኃኒት» ብላችሁ። ጀማሪዎች ባዶ መተው ሽንፈት ይመስላቸዋል። ስለዚህ ይገምታሉ። እኔ የምፈራው ባዶ የሚተወውን ሳይሆን ባዶ ፈጽሞ የማይተወውን ሰው ነው። ግን አንድ ገጽ ላይ አሥር ባዶ ከሆነ ደግሞ ገና አልደረሳችሁም ማለት ነው።

ብሳሳት ምን ይመጣል?

ብዙውን ጊዜ አራሚው ይይዘዋል። ነጥብ ይቀነሳል፣ አንዳንድ ቦታ ክፍያም ይቀነሳል። አንዳንድ ጊዜ ግን ማንም አይይዘውም።

አሜሪካ አላባማ ውስጥ አንዲት በሽተኛ ከሆስፒታል ስትወጣ በተጻፈላት ማጠቃለያ ላይ የኢንሱሊን መጠኗ ተሳሳተ። 8 ዩኒት መሆን የነበረበት 80 ተብሎ ተጻፈ። 80 ተሰጣት። ሞተች። በ2012 ዳኞች ለቤተሰቧ 140 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ወሰኑ። የጽሑፉ ሥራ በውልና በውል ላይ ውል ተላልፎ ባሕር ማዶ የተሠራ ነበር። አንድ ዜሮ ነው ልዩነቱ።

ስለ ዜሮ ከተነሳ አይቀር፦ የአሜሪካ ሆስፒታሎችን ብቃት የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን በ2004 መጻፍ የሌለባቸውን አጻጻፎች ዝርዝር አውጥቷል። «1.0 ሚሊግራም» አትጻፉ፣ ነጥቧ ካልታየች 10 ይሆናል። «1» በቃ። በተቃራኒው «.5» አትጻፉ፤ «0.5» በሉ። «ዩኒት» የሚለውን በመነሻ ፊደሉ አታሳጥሩ፣ ዜሮ ይመስላል። ይህን በቃላችሁ ይዛችሁ ፈተና ላይ ግቡ።

ምን ዕቃ መግዛት አለብኝ?

ጥሩ ሄድፎን፣ ድምፁን በእግር የምታስቆሙበትና የምትመልሱበት ፔዳል፣ የሚመች ወንበር። ወንበሩ ላይ አትቆጥቡ። ከዚያ የቃላት አሳጣሪ ሶፍትዌር፤ ሦስት ፊደል ስትመቱ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር የሚዘረግፍ። ፍጥነት የሚመጣው ከእሱ ነው። በመስመር የሚከፈለው ሰው ደግሞ የሚከፈለው ገጹ ላይ ላለው እንጂ ለመታው ቁልፍ አይደለም። በየቀኑ አምስት አምስት አዲስ ማሳጠሪያ ብትጨምሩ በዓመቱ የምታገኙት ደመወዝ ጭማሪ ማንም አለቃ የማይሰጣችሁ ነው። ግን ተጠንቀቁ፤ ማሳጠሪያው «መደበኛ ነው» ብሎ ሲዘረግፍ ሐኪሙ «መደበኛ አይደለም» ብሎ ሊሆን ይችላል።

ካፌ ተቀምጦ መሥራትን እርሱት። የበሽተኛ ምስጢር ነው። አሜሪካ በ1996 ያወጣችው ሂፓ የተባለው ሕግ ለጸሐፊውም ይሠራል፤ ሌሎች አገሮችም ተመሳሳይ ሕግ አላቸው።

አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መጥቶ የለ? ሙያው አላለቀም?

እውነቱን ልንገራችሁ፤ እየጠበበ ነው። የአሜሪካው ስታቲስቲክስ ቢሮም ትንበያው ቁጥሩ እንደሚቀንስ ነው። ማይክሮሶፍት በ2022 የንግግር ማወቂያ ኩባንያውን ኑዋንስን ወደ 20 ቢሊዮን በሚጠጋ ዶላር የጠቀለለው በከንቱ አይደለም። አሁን የሐኪሙንና የበሽተኛውን ጨዋታ ክፍሉ ውስጥ ሆኖ አዳምጦ በራሱ ማስታወሻ የሚጽፍ ሶፍትዌርም አለ። ሐኪሙ መቅዳት እንኳ አያስፈልገውም።

ግን ሌላም ቁጥር አለ። በ2018 የታተመ አንድ ጥናት ሐኪሞች በንግግር ማወቂያ የጻፏቸውን 217 ሰነዶች መረመረ። ሶፍትዌሩ ያወጣው ጥሬ ረቂቅ ከመቶ ቃል 7.4 ስህተት ነበረበት። ትራንስክሪፕሽኒስት ካየው በኋላ 0.4 ሆነ። ሐኪሙ ፈርሞበት 0.3። አያችሁት? ከ7.4 ወደ 0.4 ያወረደው ሰው በመስመር 4 ሳንቲም የሚከፈለው ነው።

ሶፍትዌሩ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል፣ አልክድም። ስህተቱ ግን ጠባዩን ቀየረ። ድሮ የማይረባ ቃል ያወጣና ዓይን ውስጥ ይገባ ነበር። አሁን የሚያወጣው ስህተት ጥርት ያለ ዓረፍተ ነገር ነው። በ2024 ዊስፐር የተባለውን ሶፍትዌር የፈተሹ ተመራማሪዎች ከድምፅ ቁራጮቹ 1 በመቶ ገደማ በሚሆኑት ላይ ማንም ያልተናገረውን ሐረግ ፈጥሮ እንዳስገባ አግኝተዋል። ሐሰተኛው ዓረፍተ ነገር ሰዋስው አይጎድለውም፣ ፊደል አይጎድለውም። ድምፁን ያልሰማ ሰው በምን ይለየዋል?

ስለዚህ ፈጣን ጸሐፊ ለመሆን ዛሬ ገንዘብ ከፍላችሁ አትማሩ። ጥሩ አራሚ ለመሆን ከሆነ አስቡበት። የምትመርጡት ስልጠና የማሽን ረቂቅ ማረምን የማያስተምር ከሆነ ያለፈ ዘመን ነው የሚሸጥላችሁ። የሕክምና ቃላት ዕውቀቱ ደግሞ ባክኖ አይቀርም፤ ወደ ሕክምና ኮዲንግ (በሽታውንና ሕክምናውን ለክፍያ በኮድ መመዝገብ)፣ ወደ ካርድ አያያዝ፣ ወደ ጥራት ቁጥጥር የሄዱ ባልደረቦች አሉኝ።

መጀመሪያ ገንዘብ ላኪ የሚሉኝስ?

አትላኩ። አሠሪ ይከፍላል እንጂ አያስከፍልም። «ሶፍትዌሩን ከእኛ ካልገዛሽ»፣ «የምዝገባ ክፍያ»፣ «ቼክ እንልክልሻለን፣ ዕቃ ግዢበትና ትርፉን መልሽ» የሚሉት ሁሉ ያው ናቸው። ቼኩ ከሳምንት በኋላ ውድቅ ይሆናል፣ የመለሳችሁት ገንዘብ ግን የእናንተ ነበር።

ውል ሲላክልኝ ከመፈረሜ በፊት ምን ልጠይቅ?

በኢሜይል ጠይቁ፣ መልሱ በጽሑፍ ይቅር። መስመር ስንት ካራክተር ነው? ባዶ ቦታ ይቆጠራል? ከሥራው ምን ያህሉ ጽሑፍ፣ ምን ያህሉ ማረም ነው? ዋና ደንበኛዬ ስንት ሐኪም አለው? ፋይል ሲጠፋ ወዴት እዛወራለሁ? የጥራት ነጥቤ ሲወርድ ክፍያ ይቀነሳል ወይ፣ ከሆነስ የታረመውን አይቼ መከራከር እችላለሁ? ክፍያ የሚገባው በየስንት ቀኑ ነው?

ከዚያ አንድ ናሙና ሪፖርት ከነመስመር ቁጥሩ እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። ወርድ ውስጥ ክፈቱት፣ የካራክተሩን ብዛት እዩ፣ ለ65 አካፍሉ። ከነገሯችሁ ጋር ከገጠመ ጥሩ። ካልገጠመ መልሳችሁ ጻፉላቸው። «ክፍያችን ተወዳዳሪ ነው» የሚል አንድ መስመር ብቻ ከመጣ ሌላ ቦታ ማመልከታችሁን ቀጥሉ።